ሃያ ሁለት ዓመት የደበቅሁት መሰላል

የተማርሁት ስምንተኛ ክፍል ድረስ ነው። ይህን ራሴ የምናገረው፣ የማኅበሩ ሰዎች ከእኔ ቀድመው ስለሚያነሡት ነው።

ጃፓን ውስጥ አሪያኬ ባሕር ላይ በአንድ ማኅበር የታቀፍን አሥራ አንድ ቤት ነን፤ ሁላችንም በመረብ ኖሪ እናበቅላለን፣ ሩዝ የሚጠቀለልበትን የባሕር ቅጠል። ማን የቱን ቦታ እንደሚይዝ በየዓመቱ መስከረም ላይ በአሚዳ ዕጣ ይለያል። ወረቀት ላይ አሥራ አንድ ቋሚ መስመር ይሰመራል። ከላይ ስማችን፣ ከታች ቦታዎቹ ይጻፋሉ፤ የታችኛው ታጥፎ ይሸፈናል። ከዚያ እያንዳንዱ ቤት በሁለት ጎን ለጎን መስመሮች መካከል የፈለገበት ላይ አግዳሚ ይጨምራል፤ ወረቀቱ መሰላል ይመስላል። ከስምህ ተነሥተህ ስትወርድ አግዳሚ ባገኘህ ቁጥር ትሻገራለህ፤ መጨረሻ የደረስክበት ቦታ ያንተ ነው።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የመጨረሻውን አግዳሚ ያሰመረው ከአሥራ አንዳችን አንዱ፣ ጌንዞ ነበር። ወረቀቱ ሲገለጥ የወንዙ አፍ፣ ምርጡ ቦታ፣ ለእሱ ደረሰ፤ ለእኔ ማዕበል የሚደበድበው የዳር ቦታ። በዚያው ክረምት መረቤ ተበጣጥሶ አለቀ፣ ጀልባዬንም ሸጥሁ። አጭበርብሯል አልሁ። ሳቁብኝ። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ፣ ከጌንዞም ጋር ቃል አልተለዋወጥሁም።

ዘንድሮ ጌንዞ ጉልበቱ ከዳው። ፉኩኦካ ከተማ አሥር ዓመት የኮምፒውተር ፕሮግራም ስትጽፍ የኖረችው ልጁ ቶሞኤ ልትተካው መጣች። ተተኪ ለመቀበል ደንባችን በፊርማ ፈንታ የምንመታውን የሁሉንም ቤት ማኅተም ይጠይቃል፤ የአንዱ ከጎደለ የጌንዞ ቤት ከዕጣው ይወጣል። የጎደለው የእኔ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጄ መጣች። ልመና ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን ወረቀቱን ላሳያት ጠየቀችኝ። ይታይ ብዬ ከመሳቢያ አወጣሁላት።

መጀመሪያ በሌላ ወረቀት ላይ አሥራ አንድ መስመር አስምራ እስክሪብቶውን ሰጠችኝ።

«እስቲ አጎቴ፣ ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ እንዲወድቅ አድርገው ያስምሩ» አለች። «ተንኮል እንደማያንስዎት ሰምቻለሁ።»

ተናድጄ አሰመርሁ። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ አግዳሚ፤ አንዳንዱን የጌንዞን ቤት ለማጥፋት ብዬ። ስንወርድ አሥራ አንዱም በየራሱ ቦታ አረፈ። ጨመርሁ። አሁንም ማንም ከማንም አልተጋጨ። አግዳሚ ሁለት ሰው ከማለዋወጥ ሌላ ሥራ የለውም አለችኝ፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል፣ መስመሩ ባዶም አይቀር፣ ሁለት ሰውም አይሸከም። አሥራ አንድ ቤት ወደ አርባ ሚሊዮን በሚጠጋ መንገድ ሊደለደል ይችላል፤ ከዚያ ሁሉ የቱንም ብመርጥ፣ ከሃምሳ አምስት አግዳሚ ሳታልፍ ልታወጣልኝ እንደምትችል ነገረችኝ። አላመንኋትም። በቁጣ አንድ ድልድል ጻፍሁላት። አወጣችው። አርባ ሚሊዮን መስከረም በዚያች ቁራጭ ወረቀት ውስጥ ተኝቶ ኖሯል። ዕድሜዬን ሙሉ ባሕር ፊት ቆሜያለሁ፤ እንደዚያ ትንሽነት የተሰማኝ ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ወደ አሮጌው ወረቀት ዞረች። የአባቷን አግዳሚ በጣቷ ሸፈነችና «ይውረዱ» አለችኝ።

ወረድሁ። የዳሩ ቦታ። እንደገና ወረድሁ። የዳሩ ቦታ። የጌንዞ አግዳሚ እኔ በማላልፍበት በኩል ነበር፤ ቢኖርም ባይኖርም እኔን አይነካኝም።

ጣቷን አነሣችና ሌላ አግዳሚ ላይ አሳረፈችው፤ መሃል ላይ፣ ወፍራም፣ በእጄ የተሰመረ። ወረቀቱን ስንት ጊዜ ዘርግቼ አይቼዋለሁ፤ አግዳሚ ሸፍኜ መውረድን ግን፣ የራሴንማ ጭራሽ፣ አስቤው አላውቅም።

ወረድሁ። የወንዙ አፍ።

ከጌንዞ ጋር ያለዋወጠኝ ያ የራሴ አግዳሚ ነበር። ምርጡን ቦታ በገዛ እጄ ነው ያስረከብሁት።

«አባትሽ ያውቃል?» አልኋት።

«ያን ዕለት፣ ወረቀቱን ይዘው ከመውጣትዎ በፊት፣ በጣቱ ወርዶ አይቶታል። ቢነግርዎት ያምኑት ነበር?»

ማኅተሜን አምጥቼ የመተኪያ ወረቀቷ ላይ መታሁ። ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ እሷም አልጠበቀችም።

በዕጣው ዕለት ጌንዞ በከዘራ መጥቶ ከልጁ ኋላ ተቀመጠ። ተራዬ ደርሶ እስክሪብቶውን ይዤ ስዘገይ ድምፁን ሰማሁ።

«ዘንድሮስ ለማን ልትሰጥ ነው?»

ሳቄ መጣ። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ዞር ብዬ አየሁትና «እኔም እንዳንተ ሲገለጥ ነው የማየው» አልሁት። ከዚያ መሃል ላይ፣ አወፍሬ፣ አሰመርሁ።