የወዳጆ ሙሾ

ወዳጆ የሞተው የተሳፈረበት መኪና የጀማ ወንዝን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን እምቢ ብሎት ተገልብጦ ነው። በትውልድ መንደሩ በቀየት፣ በለቅሶው ድንኳን መሃል፣ በአልቃሽነት የታወቁት እናቱ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ቆመው ሙሾ አወረዱለት።

ብርዱ ጠና ልጄ፣ ናና ግባ ቤትህ፣
በሩን ሳትዘጋ ታድራለች እናትህ።

ታላቅ ወንድሙ ስንታየሁ ይህን በስልኩ ቀዳው። የእናቱ ድምፅ እንዳይጠፋበት ብሎ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም።

ስንታየሁ ዓለም ከተማ መምህር ነበር። ከባልደረባው ከምንይሉና ዘፋኝ መሆን ከምትመኘው ከእፀገነት ጋር፣ ግድግዳውን ስፖንጅ ባለበሱት የኪራይ ክፍል ዘፈን ይሠራሉ። መድረክ ላይ ወጥተው አያውቁም። አንድ ቀን ምንይሉ ቅጂውን ሰማና ኪቦርዱን ከፈተ። ምት ሲገባበት ሙሾው ፈጠነ። «ልጄ» የሚለው «ፍቅሬ»፣ «እናትህ» የሚለው «ሚስትህ» ሆነ፤ እፀገነትም ዘፈነችው፤ ኢንተርኔት ላይም ለቀቁት። ስንታየሁ ሆዱን ቅር ቢለውም ዜማው ያምር ነበርና አልከለከለም።

በዚያ የሠርግ ወቅት ዘፈኑ ያልተጨፈረበት ድንኳን አልነበረም። አውቶቡሱም ፀጉር ቤቱም እሱኑ ያስጮህ ጀመር። ስንታየሁ ለእናቱ አልነገራቸውም። እሳቸው ዘመሮ ገበያ በግ ሊሸጡ ወጥተው ከአንድ ሱቅ ድምፅ ማጉያ ሰሙት። በጉን ሳይሸጡ እየነዱ ተመለሱ።

ልጃቸው ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«በወዳጆ ነው የሚጨፍሩት?»

ሰው ሁሉ እንደወደደው፣ ወንድሙም በዚህ እንደማይረሳ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ዘፈኑ ውስጥ ግን የወዳጆ ስም የለም፤ ይህን ያወቀው እየተናገረ ሳለ ነው።

ቡድኑ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘፈን ሠራ፤ የሰማው ግን የለም። ምንይሉ ከእናትህ ዘንድ ሌላ ሙሾ አምጣ እያለ ቢወተውተው ስንታየሁ የክፍሉን ቁልፍ ጥሎለት ወጣ። እፀገነትም አዲስ አበባ ሄዳ፣ ያንን ዘፈን የዘፈንኩት እኔ ነኝ ብትል የሚያምናት አጣች።

በዓመቱ የስንታየሁ አባት አቶ ኪዳነ ወልድ አረፉ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ እንደ ልማዳቸው ቆመው ጀመሩ። ግጥሙ ለባላቸው አዲስ የወጣ ነበር፤ ዜማው ግን ያው የሚያውቁት ነው። ከሴቶቹ መሃል ወጣቶቹ ሳያስቡት በዘፈኑ ቃል ተቀበሏቸው፤ «ታድራለች ሚስትህ» አሉ። አንዷም ትከሻዋ ሲነቃነቅ ተሰማትና ደንግጣ አፏን ያዘች።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ሙሾውን አቋርጠው ተቀመጡ። አስከሬኑ ሲወጣም ቃል አልወጣቸውም።

ከቀብር መልስ ስንታየሁ እግራቸው ሥር ወድቆ፣ ዘፈኑን ከኢንተርኔት አስጠፋዋለሁ አላቸው።

«ከሰው አፍስ?» አሉት። ቀጥለውም፣ «አባትህን ሙሾ ሳላወርድለት ቀበርኩት» አሉ።

ዘፈኑን አስጠፋው። ሳምንት ሳይሞላ ሌሎች መልሰው ለቀቁት።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ዛሬም ከለቅሶ አይቀሩም። ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጠው እንባቸውን ይጠርጋሉ። ቀድሞ ከሩቅ ቀበሌ ሁሉ በቅሎ እየላከ ያስመጣቸው የነበረው ሐዘንተኛ፣ አሁን ሌላ አልቃሽ ይጠራል።