በቅሎ የተያዘበት ሙግት

አባቴ በጣሊያን ጊዜ ደሴ ላይ ጠበቃ ነበሩ፤ በኋላም ተመርጠው ፓርላማ ገቡ። አሁን አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ እኔ አፓርትመንት ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጠው በሙግት የረቷቸውን ሰዎች ስም ይጠራሉ።

እንደገና ቀይ መብራት ጥሰሃል ተብዬ ኮርት የቀረብኩ ዕለት፣ «እኔ እያለሁ ልጄ ጠበቃ አጥቶ አይፈረድበትም» ብለው ተከተሉኝ። ስሜ ሲጠራ ቀድመውኝ ተነሡ። ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ጣታቸውን የከሰሰኝ ፖሊስ ላይ ቀስረው፣ ቃሉ እውነት ከሆነ እንደ ድሮው ሙግት በቅሎ አስይዞ እንዲወራረዳቸው በአማርኛ ጠየቁት። እሳቸውም በበኩላቸው በቅሎ አስያዙ። የምን በቅሎ? ድመት እንኳ የለንም።

ዳኛዋ ሽማግሌው ምን እንዳሉ ኮርቱ የመደበልኝን አስተርጓሚ ጠየቀቻት። ልጅቷ ጨነቃት።

«ልጄ ጥሩ ሰው ነው ይላሉ» አለች በእንግሊዝኛ።

ዳኛዋ ለአባቴ ፈገግ አለችላቸው። የመንጃ ላይሰንሴን ግን ለስድስት ወር ሰስፔንድ አደረገችው። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። ምን ልበል? ለማንስ ልበል?

«ፈረደችልን?» አሉኝ ደጅ እንደወጣን።

«አዎ፣ አባባ። ረቱ።»

ታክሲዋን ፓርኪንጉ ውስጥ ትተን ወደ አውቶቡስ ፌርማታ በእግር መሄድ ጀመርን። አባቴ ክንዴን እንደያዙ ዞር ብለው ታክሲዋን አዩዋት።

«ጀላልዲን» አሉኝ፣ «የረታ ሰው በቅሎውን ትቶ በእግሩ ሲሄድ አይቼ አላውቅም።»