ዘጠና ሁለት ላይ የፈላ ውሃ

ውሃው ይንተከተካል፤ ቴርሞሜትሩ ግን ዘጠና ሁለት ላይ ቆሞ ቀርቷል። ከኋላ የተቀመጡት መምህር አግማስ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። «አሁን ጉድሽ ፈላ!» አሉ በሆዳቸው።

ደሴ፣ ሆጤ በሚገኘው በዚህ ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሳይንስ ሲያስተምሩ «ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል» ብለው ያላስጻፉት ልጅ የለም። ዛሬ ከፊት ቆማ የምታስተምረው ራቢያ ግን ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ልጆቹ እየሞከሩና እየጠየቁ እንዲማሩ ታደርጋለች ተብሎ ስሟ ገኗል። የዚህንና የአጎራባች ትምህርት ቤቶችን መምህራን እንድታሰለጥን የሚወሰነው ደግሞ አግማስ በያዙት የግምገማ ቅጽ ነው።

«ቲቸር፣ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል!» አለ ሂሻም ከፊት ወንበር።

ራቢያ ሌላ አመጣች። እሱም ዘጠና ሁለት አለ።

«ታዲያ ለምን መቶ አልሞላም?» አሏት ልጆቹ።

«እኔ አልነግራችሁም። ምን ብናደርግ እናውቃለን?»

አግማስ «መምህርቷ መልስ አልሰጠችም» ብለው ጻፉ። ከአምስት ሁለት ሰጧት።

«ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ» አለ ሂሻም፣ «እኛ ቤት ስትመጣ ባቄላው አልበስል አለኝ ትላለች። እዚያ ወላሂ ቶሎ ነው የሚበስልላት!»

«ኮምቦልቻ ከኛ ዝቅ ይላላ!» አለች አንዷ። «ቅዳሜ ወርደን እንለካ?»

ደወል ተደወለ። ማንም አልተነሳም።

አግማስን ያቃጠላቸው ይሄ ነው። የከፍታውንና የአየር ግፊቱን ነገር ኮሌጅ ተምረውታል፤ አንድም ቀን ግን ውሃ አፍልተው አላሳዩም። በእሳቸው ክፍል ደወል ሲደወል ልጆቹ እንደተፈታ ጥጃ ነው የሚፈተለኩት። በዚህ ዕድሜ በልጅ መቅናት ያሳፍራል፤ ቢሆንም ቀኑ።

ራቢያ በረንዳው ላይ ደረሰችባቸው።

«ጋሽ አግማስ፣ እንዴት አዩት? አይራሩልኝ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ሲያልቅ ታዪዋለሽ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

የርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እውነቱ ከተባለ፣ እውነቱ አምስት ነው። ሁለቷን ሰረዙ፤ አምስት ጽፈው ፈረሙ። ውስጣቸው ግን አሁንም ይነዳል።

ርዕሰ መምህሩ ወንድምአገኘሁ ቅጹን አይቶ ሳቀ።

«እሰይ፣ አሰልጣኝ ተገኘች! የሰልጣኞቹን ስም እየጻፍኩ ነው። እርስዎን ትቼዎታለሁ፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ምን ስልጠና ያሻዎታል ብዬ።»

አግማስ ሊወጡ በሩን ይዘው ነበር። ተመልሰው ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

«ጻፈኝ» አሉ።