ቬነስን የሳባት

መምህር ክንዱ ስማቸው ሊጠራ ሩብ ሰዓት ሲቀር፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከቀድሞ ተማሪያቸው ከኤሌኒ ጋር ተፋጠው ቆመዋል። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከጎንደር ወጣ ካለችው ከጠዳ ሳይቀር ሰው በመኪና መጥቷል፤ የቴሌቪዥን ካሜራም ተተክሏል። ሊሰሙ የመጡት ቀላል ወሬ አይደለም፤ ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር ከቁስቋም ቤታቸው ጣራ ላይ ሆነው ዓለም ያላየውን ፕላኔት ደረስኩበት ማለታቸውን ነው።

አስራ ስድስት ዓመት ለፍተዋል። ጎህ ሲቀድ ወይም ጀምበር ስትጠልቅ ቬነስን ይለካሉ፤ ባለቤታቸው አበቡ ቀኑንና ቁጥሩን ትጽፋለች። ከዚያ ክንዱ ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይመልሱና ቬነስ የት መገኘት እንዳለባት ከሚያሳይ ሠንጠረዥ ጋር ያስተያያሉ። በየአራት ዓመቱ፣ ከመስከረም እስከ የካቲት፣ ቬነስ በምህዋሯ ላይ ቀድማ ትገኛለች። አንድ ስውር ፕላኔት እየቀረበ ቢስባት ነው ብለው ደመደሙ። "ከጎንደር ጣራ ላይ ደግሞ ምን ፕላኔት ይገኛል" እያለ ሲያላግጥባቸው የኖረ ሁሉ ዛሬ አፉን ሊዘጋ ነው።

"አንቺም እንደነሱ ነሽ?" አሏት። ኤሌኒ አሁን ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ መድረኩን የምትመራውም እሷ ናት። ስሌቱ ላይ ስህተት ሳይኖር አይቀርም ብላ ስታስቆማቸው ቅናት ነው ብለው ጠርጥረዋል፤ ደማቸው ፈልቷል።

"አይደለም መምህር። ቬነስ የቀደመችባቸውን ዓመታት እስቲ ይንገሩኝ።"

"ሁለት ሺህ አራት፣ ስምንት፣ አስራ ሁለት፣ አስራ ስድስት።"

"ወንጌላዊያቸውስ?"

"አራቱም ዘመነ ዮሐንስ። ምነው?"

"ከእያንዳንዳቸው በፊት ጳጉሜን ስንት ነበረች?"

ክንዱ ዘመናቱን ወደ ኋላ ቆጠሩ። ስድስት። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን የኛ መስከረም አንድ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር አስራ አንድ መዋሉ ይቀርና አስራ ሁለት ላይ ይውላል፤ እነሱም ፌብሩዋሪ ላይ አንድ ቀን እስኪጨምሩ ድረስ። እሳቸው ግን ሁልጊዜ በአስራ አንድ ነው የመለሱት። በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙ፣ ዘመነ ወንጌላውያንን በጣታቸው የሚቆጥሩ ሰው፣ የቆጡን አወርድ ብለው የብብታቸውን ጣሉ። በእነዚያ ወራት ከሠንጠረዡ ላይ ሲያዩ የኖሩት የትናንትናውን መስመር ነበር፤ ቬነስ የቀደመች የመሰለቻቸው ለዚህ ነው።

ግድግዳውን ተደገፉ።

"ማን ያውቃል?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እኔና እርስዎ።"

"ሌላ ሰው ይደርስበታል?"

"አንድ ቀን ይደርስበታል። ዛሬ ግን እዚህ ካለው ሰው ማንም አይደርስበትም።" አንገቷን ደፋች። "ከኔ አፍ ቃል አይወጣም መምህር። እርስዎ እንዳሉ ይሁን።"

ኤሌኒ ቀድማ መድረኩ ላይ ወጥታ ስማቸውን ጠራች። እውነቱን ለመናገር፣ ከበሩ እስከ መድረኩ ድረስ ሊዋሹ ነበር ያሰቡት። በስተርጅና መሳቂያ መሆንን ማን ይወዳል? ዓይናቸው ግን ከፊት ወንበር ላይ ከተቀመጠችው ከአበቡ ጋር ተጋጠመ። ቁጥሩ መጀመሪያ አልገጥም ያለ ጊዜ "ቀን ዘለልሽ" ብለው የጮሁባት፣ "አልዘለልኩም" ብላ ያለቀሰች፣ በነጋታው ግን ደብተሯን ይዛ ጣራ ላይ የወጣች ሚስታቸው ናት።

ማይክሮፎኑን ያዙ።

"ፕላኔት የለም" አሉ። "ቬነስ መንገዷን አልሳተችም። የሳትኩት እኔ ነኝ፤ ጳጉሜን ስድስትን ረስቻለሁ።"

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ፊት ወንበሮች ተዛመተ። ክንዱ እስኪያልፍ አልጠበቁም።

"አበቡ" አሉ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ "ቀን አልዘለልሽም።"