የአባቷ ቶርኖ የተለካ ዕለት

«እስቲ ተመልከቺ! መስታወት አድርጌልሻለሁ» አለ ወንድሟ፣ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ።

እውነቱን ነው። አባታቸው ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ወንድሟ ትናንት በጠዋት ከሚሠራበት ሩቅ ከተማ ደርሶ፣ አልቅሶ ሲያበቃ ለቀስተኛ መሀል መቀመጥ አቃተው። ጓሮ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ገባና የአባታቸውን ቶርኖ፣ ያንን የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ፈታታው፣ በናፍጣ አጠበው፣ ወልውሎ መልሶ ገጠመው። ያቺ ክፍል ከተሠራች ጀምሮ እንዲህ ጸድታ አታውቅም።

እህቱ ግን ማሽኑን አላየችም። ያየችው እግሩ ሥር ያለውን የቆሻሻ ባልዲ ነው። ከጥቁር ዘይትና ከብረት ፍቅፋቂ ጋር ዘጠኝ ቁራጭ ስስ ቆርቆሮ ተቀዳዶና ተጨማዶ ወድቋል።

«ይሄን ከየት አገኘኸው?»

«ከማሽኑ ጭንቅላት ሥር ነዋ። ተጣብቆ አልወጣ ሲለኝ በቢላ ፋቅኩት። አባዬ ሲያረጅ ማጽዳቱን ትቶት ነበር መሰለኝ።»

አንዱን ቁራጭ አንስታ በጣቶቿ ዘረጋችና መልሳ ባልዲው ውስጥ ጣለችው።

ማሽኑ ሲገዛ ርካሽ ነበር፤ ርካሽ ነገር ደግሞ ባለቤቱን ሠራተኛ ያደርጋል። ቀጥ ያለ ብረት ስታስገባበት አንዱ ጫፉ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ሆኖ ካሮት መስሎ ይወጣል። የፓምፕ ጠጋኙ አባቷ ግን እልኸኛ ነበር። ኩሽኔታውን ቀየረ፣ ሐዲዱን በእጁ ሞረደ፣ መያዣዎቹን እዚያው ማሽን ላይ እየቀረጸ ለራሱ ለማሽኑ ገጠመለት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማሽኑ ከሠራው ይልቅ ማሽኑ ላይ የተሠራው ይበልጣል። እናቷ ስሙን «ጣውንቴ» ብላ አወጣችለት። «ዛሬስ ከጣውንቴ ጋር ነው የምታድረው?» ትለዋለች፤ እሱ ይስቃል።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ያለቁት በዚያ ቆርቆሮ ነው። ብረቱን ይዞ የሚያዞረው ጭንቅላት ጠማማ ስለነበር፣ ከባዶ ጣሳ የተቆረጠ ስስ ቆርቆሮ ከሥሩ እየወተፈ ማቃናት ጀመረ። እሷ በመቀስ ትቆርጣለች፤ እሱ ይወትፋል፣ ያጠብቃል፣ ይለካል፣ ይራገማል፣ እንደገና ይፈታል። የትኛው ውፍረት የት እንደገባ «እንጻፈው» ስትለው፣ «ጭንቅላቴ ውስጥ ያለ ነገር የት ይሄዳል?» አላት። ይኸው ሄደ።

ወንድሟን ግን አላስጠጋውም። ማሽኑ የመጣ ሰሞን ልጁ ሃያ ዓመቱ ነበር። ሊረዳ ብሎ ዘይቱን የማይገባበት ቦታ ቢያፈስስ፣ አባትየው ጎረቤት ፊት «ሁለተኛ እንዳትነካ! ያንተ እጅ ለብረት አልተፈጠረም!» ብሎ ጮኸበት። ልጁ በዚያው ዓመት ከቤት ወጣ። አባትየው ተቆጭቷል፤ ግን ይቅርታ መጠየቅ ኩሽኔታ እንደ መቀየር አልቀለለውም።

ከሰዓት ባለስድስቱ መጣ። ጋራዡ ውስጥ ስድስት ቶርኖ ስላለው ነው እንዲህ የሚባለው። አባቷ «የኔ ማሽን ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ አይስትም» ሲል የጋራዡ ሰው ሁሉ ይስቅበት ነበር፤ ከሁሉም በላይ የሚስቀው ባለስድስቱ ነው። የቀብሩ ቀን ግን ጠጋ ብሎ፣ «አባትሽ ከልጄ ጋር ነው ያቃናሁት ብሎ ይምል ነበር። እኔ በወሬ አላምንም፤ በሦስተኛው ቀን መጥቼ እለካለሁ። እንዳለው ከሆነ ሰኞ ሁለተኛው ማሽን ላይ ትጀምሪያለሽ» አላት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሻይ ታፈያለሽ ወይ እንጂ ቶርኖ ትይዣለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ባለጋራዥ የለም።

«ጋሼ፣ ሌላ ቀን ቢሆንስ?» አለችው።

«ምነው፣ ማሽኑም ሐዘን ተቀምጧል እንዴ?»

ለቅሶ የተቀመጡት ሽማግሌዎችም የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ተከተሉት። እሷ ቀድማ ገብታ ባልዲው ላይ ጨርቅ ጣለችበት። ባለስድስቱ ቀጥ ያለ ዘንግ አሰረ፣ መለኪያውን አስጠጋ፣ ቀስ እያለ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነዳው። ቀስቷ ዞረች።

«አሥራ አራት መቶኛ» አለና ቀና አለ። «ነፍሱን ይማረው። ሰው ሲያረጅ ወሬ ይወዳል።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። በሦስተኛው ቀኑ፣ በገዛ ክፍሉ፣ አባቷ ውሸታም ሆነ። ደሟ ፈላ።

«በደንብ ነው እኮ የገጠምኩት…» አለ ወንድሟ። ፊቱ አመድ መስሏል። እጆቹን ገልብጦ አያቸው። «ወይስ እኔ ስፈታው…»

እጁን የሚያይበትን ዓይን ታውቀዋለች። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ከዚህ በር የወጣው በዚያ ዓይን ነው።

«እኔ ነኝ» አለች። «አባዬ አልዋሸም። አንድ መቶኛ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ የሞተ ዕለት ብቻዬን ከፍቼ ነካካሁት። ያቃናውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ባለስድስቱ አተኩሮ አያት። «ሲያቃናው አብረሽው ነበርሽ፣ አይደል?»

«አዎ።»

«እያወቅሽ ነዋ!» መለኪያውን በጨርቅ ጠቀለለ። «እንግዲያው በሱ የሳቅኩት ያለ አግባብ ነው፤ አፈር ይቅለለው። የሰኞውን ግን እርሺው። እንዲህ ያለ እጅ ማሽኔ አጠገብ አይደርስም።»

ወጣ። ሽማግሌዎቹም ተከተሉት። ሹክሹክታቸው ከግቢው ተሰማ፦ ወንድሟ መስታወት አድርጎት፣ እሷ አበላሽታው፣ ምን ዓይነቷ ናት።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«እንዴት ግን?» አለ ወንድሟ። ድምፁ ተሰበረ። «እኔን አባርሮ አንቺን አመነ። እኔን እኮ ነው ያባረረው! እና አንቺ ታበላሺዋለሽ?»

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። መረራት፤ ዋጠችው።

«ግድ የለም» አለ ቆይቶ፣ ትከሻዋን መታ መታ እያደረገ። «አባዬ ይቅር ይልሻል።»

«አሜን» አለች።

ያኔ ነው መዳፉን ያየችው። ቀጭን የብረት ስንጥር ገብቶ ዙሪያው አብጧል። ብረት የሚያውቅ ሰው ፍቅፋቂ በባዶ እጁ አይጠርግም።

«ና ወደ ብርሃኑ» አለችው። በሩ ጋ አቁማ መዳፉን ዘረጋችው፤ ስንጥሩን በጥፍሮቿ ቆንጥጣ ሳበችው። ወንድሟ ዓይኑን ጨፈነ። ከወጣ በኋላም እጁን አልለቀቀችም፤ ደሙ እስኪቆም ድረስ በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘችለት።