የሞላ ጸጥተኛ ክፍልና የአያሌው አፓርታማ ሆቴል

ሞላ የእህል ማስቀመጫ ክፍሉን ለመንገደኛ ሊያከራይ ኢንተርኔት ላይ ሲለጥፍ፣ «ጉና ተራራ በመስኮት ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ከጸጥታው የተነሳ ጉንዳን ስታስነጥስ ይሰማል» ብሎ ጻፈ። ከመንገዱ ማዶ አያሌው ባለ አራት ፎቅ አፓርታማ ሆቴል ገትሯል፤ እያንዳንዱ ክፍል ከነወጥ ቤቱ፣ ከነልብስ ማጠቢያው። ታዲያ ሞላ ለእንዲህ ዓይነቱ የእርግብ ቤት ይደነግጣል?

ሁለት ወር ሙሉ ዝር ያለ እንግዳ የለም። ሚስቱ አሰለፈች ጤፏ በረንዳ ላይ መሰንበቱ አንገፈገፋት።

«የመጀመሪያዋ እንግዳ ሦስት ቀኗን ሳትጨርስ ከወጣች፣ ክፍሉ የጤፌ ነው። በቃ!»

እንግዳዋ ሣራ ትባላለች፤ ጸጥ ያለ ቦታ ሆና መጽሐፍ ልትጽፍ ከአዲስ አበባ የመጣች። ክፍሉ በኢንተርኔት የተያዘው ከወሩ 30 ጀምሮ ለሦስት ቀን ነው። ሞላም ኅዳር 30ን እየጠበቀ ሳለ፣ ለካ ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ኖሯል! ሣራ ኅዳር 21 ቀን እኩለ ቀን ላይ ሻንጣዋን እየጎተተች ከች አለች። የዕለቱ የማርያም ማኅበር ደጋሽ ደግሞ ራሱ ሞላ! ቤቱ በማኅበርተኛ ጢም ብሏል፤ ሳቁ ቆርቆሮውን ሊያነሳው ነው።

ከማኅበርተኞቹ አንዱ አያሌው ብድግ አለ። «እሜቴ፣ ጸጥታ ከፈለጉ እኔ ዘንድ ይሻገሩ። ሊፍቴ እንኳ በሹክሹክታ ነው የሚወጣ!»

«ሐምሌ ላይ ወጥቶ መቼ ወረደና!» አለ ሞላ።

ሣራ መንገድ ላይ፣ ሐሙሲት ከተማ፣ የሚኒባሱ ጎማ ፈንድቶ እህል ሳትቀምስ ነው የደረሰችው። አሰለፈች ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻትና በሽሮ፣ በምስር፣ በጠላ አጣደፈቻት። ሁለተኛው ጣሳ ላይ ሣራ ከሁሉም በላይ ትስቅ ጀመር።

በመጨረሻ መምሬ ገብረሥላሴ ጽዋውን አንስተው «የሚቀጥለውን ወር ማን ይደግሳል?» አሉ። ተራው የአያሌው ነበር፤ እሱ ግን የሆቴሉ ምንጣፍ መቆሸሽ ትዝ ብሎት ጣራ ጣራ ያያል። ሣራ የሽማግሌው እጅ ሲንቀጠቀጥ አየችና፣ ላግዛቸው ብላ ጽዋውን በሁለት እጇ ተቀበለች።

እልልታው ጉና ደርሶ ተመለሰ!

«ምን አደረግሁ?»

«ጽዋ አነሳሽ!» አለች አሰለፈች በሳቅ እየፈረሰች። «ታኅሣሥ 21 ደጋሿ አንቺ ነሽ!»

«ሳታውቂ ነው ልጄ፤ ካልፈለግሽ እንመልሰዋለን» አሉ መምሬ።

አያሌው ጣልቃ ገባ። «የምን መመለስ! እኔ ዘንድ ወጥ ቤት አለልዎት።»

«ጠላ ይጠመቅበታል?» አለች አሰለፈች።

«ኧረ ምንጣፉስ!»

ሣራ ጽዋውን ደረቷ ላይ አስጠጋች። «ጋሽ ሞላ፣ ክፍሉን እስከ ታኅሣሥ 21 ያዙልኝ።»

ሞላ በሕይወቱ የሚያጋንነው ነገር ሲያጣ ይኸ የመጀመሪያው ነው። አሰለፈች ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች።

«እንግዲያው መጽሐፍሽን ቶሎ ቶሎ በይው፤ ሰኞ ጌሾ እንወቅጣለን!»