በበረኪና የታጠበው ዲል

ሮማነወርቅ ባሏን በሐሳቧ ቀብራ ጨርሳ ነበር። ሰውየው ግን በሕይወት አለ፤ ያውም ሶፋ ላይ ተጋድሞ ሬዲዮ እየሰማ። ኃይለልዑል በመስከረም ግቢው በር ላይ ተዝለፍልፎ ከወደቀ ወዲህ፣ በሐሳቧ ድንኳን ያልጣለችበት፣ ለቀስተኛ ያላስተናገደችበት ቀን የለም። ሲያንኮራፋ ትሰጋለች። ማንኮራፋቱን ሲያቆም ደግሞ ብድግ ብላ አፍንጫው ሥር እጇን ትደቅናለች።

ሐኪሙ የተናገረው ጥቂት ነው። ደም ግፊትህ ከፍ ብሏል፣ መድኃኒትህን አታቋርጥ፣ ጨውና ቅባት ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ። ሮማነወርቅ ከዚህ ሁሉ "ቅባት" የምትለዋን ቃል አንጠልጥላ ወጣች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት ናት፤ በባዮሎጂ መጽሐፍ ላይ የተሣለው፣ ስብ የደፈነው የደም ሥር እስከ ዛሬ ከዐይኗ አልጠፋም። አባቷም የሞቱት በልብ ነው። ጮማ ይወዱ ነበር።

ቤት እንደ ገባች ቅቤውን ለእኅቷ ላከች፣ የሚረጋውን ዘይት ለጎረቤት አደለች፣ ከዚያም ወደ ዐብዲረዛቅ ሱቅ ሄደች። ዐብዲረዛቅ ከድንበሩ፣ ከውጫሌ በኩል የሚገባ ዕቃ ሁሉ አለው።

"ይኼ የወይራ ዘይት ለልብ ጥሩ ነው?"

"ከሱ ሌላ ለልብ ምን አለ? ይኼን የዓሣ ዘይት እንክብል ጨምሪበት። ይኼኛው ደግሞ አንቲኦክሲዳንት ነው፤ ደም ያጠራል፣ እርጅና ያዘገያል። ወላሂ እናቴ የምትውጠው እሱን ነው።"

"እናትህ ደኅና ናቸው?"

"እሷማ አላህ ይማራት፣ ሞታለች። ብትኖር ማለቴ ነው።"

ሮማነወርቅ ተጠራጠረች፤ ተጠራጥራም ገዛች። በላዩ ላይ ከአጃ፣ ከለውዝና ከተምር ተጣብቆ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ኢነርጂ ባር የሚሉትን አንድ ካርቶን ጨመረች። ከቁርስ በኋላ ለባሏ አንድ፣ ለልጇ ለልደት በደብተር ቦርሳዋ አንድ ትሰጣለች። ልደት ትምህርት ቤት በር ላይ በሳምቡሳ እንደምትለውጠው የሰማችው በኋላ ነው።

"ሮማን፣ ይኼ ሽሮ ማን ሞቶበት ነው?" ይላል ኃይለልዑል በምሳ ሰዓት። "ፊቱ ላይ ወዝ የሚባል የለም እኮ።"

"ቀልድ! እኔን መበለት አድርገህ ቀልድ!"

በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ ከእነርሱ ጋር የምትኖረው ሙልኪ ናት፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ኃይለልዑል የወደቀ ዕለት ባጃጅ ያስቆመችውም፣ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ ሐኪም ቤት የወሰደችውም እሷ ነበረች። ሮማነወርቅ ያን ጊዜ እጇን ራሷ ላይ ጭና ከመጮህ በቀር ያደረገችው ነገር የለም። ይህን አትረሳውም።

በጥቅምት አንድ ከሰዓት ሙልኪ አንድ ዕቃ በነጠላ ሻርፕ አቅፋ መጣች። ሶማሌዎቹ ዲል የሚሉት፣ ከዛፍ ሥር ቃጫ ጥብቅ ተደርጎ የተሰፋ የወተት ዕቃ ነው። ክዳኑ ሲነሣ የቅቤና የጭስ ሽታ ቤቱን ሞላው።

"እናቴ ከኤረር የላከችው ሱበግ ነው፤ ራሷ ያነጠረችው። ለጋሼ ኃይሌ ነው። የታመመ ሰው ቅቤ ሳይቀምስ ምን ብሎ ይነሣል?"

"ኧረ ሙልኪዬ፣ ለልጆችሽ…"

"ዝም በይ! ለእኛ በጆግ ቀንሻለሁ። ዘንድሮ ዝናቡም ስለ ቀረ ከዚህ ሌላ የለም። ስጪው፣ ጠዋት ጠዋት በማንኪያ።"

ሮማነወርቅ አመስግና፣ ጉንጯን ስማ ተቀበለች። በሩ ሲዘጋ ግን ዲሉን እንደ ቦምብ ከፊቷ አስቀምጣ ቆመች። ላሟ ምን በሽታ እንዳለባት ማን ያውቃል? ዕቃው ውስጥስ ምን አለ? ጥቁር ነው። የደም ሥሩ ሥዕል መጣባት። ጾም ቢሆን ኖሮ ጥሩ ሰበብ ነበር፤ ጾሙ ግን ገና ሳምንታት ቀርተውታል። ለእኅቷ እንዳትልከው ወሬው ተመልሶ ሙልኪ ጆሮ ይደርሳል። ደብቃ እንዳታስቀምጠው ደግሞ ኃይለልዑል ከሶፋው ላይ፣ "ሮማን፣ ምን ሸተተኝ?" አለ።

"ምንም።"

"ምንም እንዲህ ይሸታል?"

በማግስቱ ጠዋት እሱ ለእግር ጉዞ፣ ሙልኪም ወደ ገበያ ሲወጡ ጠብቃ ዲሉን ከቤቱ ጀርባ ቁልቋሉ አጥር ሥር ወሰደችው። ጥቅምት ብርድ ነውና ቅቤው ረግቷል፤ አልፈስ አላት። እንደ ሌባ ዙሪያዋን እያየች በማንኪያ ዛቀችው። ወርቅ የመሰለ ቅቤ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አመድ አለበሰችበት። ዘወር ሳትል ጉንዳኖቹ መጡ።

ከዚያ ዕቃውን ማጠብ ጀመረች። የፈላ ውኃ፣ ኦሞ፣ ብሩሽ። ጥቁሩ አልለቅ ሲላት በረኪና ሞላችበትና አሳደረችው። ሲነጋ ዲሉ ገርጥቶ፣ የሐኪም ቤት ኮሪደር ሸትቶ ወጣ። ባዶ ዕቃ መመለስ ነውር ነውና ኢነርጂ ባሮቹንና አንድ ብልቃጥ እንክብል ጨምራበት ለሙልኪ ወሰደች።

ሙልኪ ክዳኑን ከፈተች። አሸተተች። ጣቷን በውስጡ ዳሰስ አድርጋ አወጣች። ዕቃውን የሚያጠብቀው የጭስ ጥቁር ጠፍቷል።

"ልጆቹ ይወዱታል" አለች።

በኅዳር መጀመሪያ የሙልኪ እናት እማማ ኻድራ ከኤረር መጡ። ሮማነወርቅ ዳቦና ስኳር ይዛ፣ ባሏን አስከትላ ልትጠይቃቸው ገባች። ሴትየዋ ግድግዳ ተደግፈው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ሻርፓቸው አቧራ እንደ ጠጣ ነው። አማርኛ አያውቁም። ሮማነወርቅ ጅግጅጋ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ሶማሊኛ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን ከገበያ ዋጋ አታልፍም። ሙልኪ መሐል ሆና ታስተረጉማለች።

"እንስሶቹ እንዴት ሆኑ?" ብሎ ጠየቀ ኃይለልዑል።

ሙልኪ አላስተረጎመችም፤ ራሷ መለሰች። "አልቀዋል፣ ጋሼ። ላሞቹ ሁሉ። የመጨረሻዋ ላም እናቴ ሱበጉን ከላከች በኋላ ነው የሞተችው። የእሷን ቅቤ ነበር ያጠራቀመችላችሁ።"

ሮማነወርቅ የሻይ ብርጭቆዋን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። አሮጊቷ ግን ዐይናቸውን ከኃይለልዑል ላይ አልነቀሉም። በእግሩ መሄድ ከጀመረ ወዲህ ፊቱ ጠርቷል፣ ትንፋሹም ተስተካክሏል። እሳቸው ሳቅ አሉና በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ሮማነወርቅ ገባት። "እዩት! ሱበጌ ይኼን ሰው አነሣው!" ነበር ያሉት። ቀጥለው ወደ እሷ ዞሩና መዳፋቸውን እንደ ሕፃን ዘረጉ።

"ትንሽ ተርፎሽ እንደሆነ ትላለች" አለች ሙልኪ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የእኛ አልቋል። አንድ ማንኪያ። የላሟን ሽታ ልቅመሰው ነው የምትለው።"

ሮማነወርቅ በሐሳቧ ቤቷ ገባች። መደርደሪያው ላይ የወይራ ዘይቱ፣ እንክብሎቹ፣ የሚያብረቀርቀው ወረቀት። ከገበያ ገዝታ የእርስዎ ነው ብትልስ? ይህን ማሰቧ ራሱ አሳፈራት።

"ሙልኪ፣ ንገሪልኝ" አለች። "እሱ አልበላም። አልሰጠሁትም። ፈርቼ… ቁልቋሉ ሥር ደፋሁት።"

ኃይለልዑል ሚስቱን አያት፤ ያ የሸተተው ነገር አሁን የመጣለት ይመስል ነበር። ሙልኪ ጭኗ ላይ ያለውን የሻርፕ ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ጠቀለለች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ በሶማሊኛ ተናገረች። ሮማነወርቅ ቃል በቃል ሰማች።

"አልቋል ትላለች፣ እናቴ። ጠዋት ጠዋት በማንኪያ ሰጥታው፣ ዕቃውን እስኪልስ ድረስ በልቶ ጨረሰው።"

አሮጊቷ ከት ብለው ሳቁ። እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ኃይለልዑልን መረቁ፤ ሮማነወርቅንም ጨምረው መረቁ። ከዚያ ማረጋገጫ እንደሚፈልግ ሰው ወደ ባልየው አዩ። ኃይለልዑል እንደ ሚስቱ ሶማሊኛ ይሰማል፤ ለአለቃው እንኳ መዋሸት የማያውቅ ሰው ነው። ሆዱን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ ዐይኑን ጨፈነ፣ ጣፋጭ ነገር እንደሚያስታውስ ሰው። ሮማነወርቅ ሶማሊኛውን ከየትም ለቃቅማ እውነቱን ልትናገር አፏን ስትከፍት የሙልኪ ዐይን አስቆማት።

እማማ ኻድራ ዲላቸውን ጠየቁ። ሙልኪ ከጓዳ አምጥታ ሰጠቻቸው። አሸተቱና ራሳቸውን ወደ ኋላ ወረወሩ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"በበረኪና አጠበችው።"

"ሐኪም ቤት መስሏት ነው እንዴ? መርፌ ልትወጋው ነበር?" ብለው እንደገና ሳቁ፤ ሙልኪም ሳቀች፣ ኃይለልዑልም ሳቀ። ሮማነወርቅ ለዚህ ለትንሹ ጥፋት ብድግ ብላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀች። ይቅር አሏት። ያ ነው ይበልጥ ያቃጠላት፤ ላጠፋችው ሳይሆን ለሌላ ነገር ይቅር መባሏ።

ማታ ላይ ቧንቧው ጋ ሙልኪን ብቻዋን አገኘቻት።

"ሙልኪዬ፣ ስለ ሸፈንሽልኝ…"

"ለአንቺ ብዬ አይደለም።" ጀሪካኗ ሞልቶ ይፈሳል፤ አልዘጋችውም። "እናቴ ከብቷ ሁሉ አልቆ ነው የመጣችው። የመጨረሻው ነገሯ አንድ ሰው አዳነ ብላ ትሙት። እምቢ ብትይኝ ኖሮ ምን ነበረበት? አልፈልግም ማለት ያቅታል?"

ሮማነወርቅ ቧንቧውን ዘጋችላት። አልፈልግም ማለት ያቅታታል። በዕድሜዋ ሙሉ አቅቷት ነው የኖረችው።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እማማ ኻድራ በራቸው ላይ ተቀምጠው ዲሉን ያጥናሉ፤ ጫፉ የጋመ እንጨት ውስጡ ከትተው ያሽከረክሩታል፣ ይከድኑታል፣ እንደገና ይከፍቱታል። ሮማነወርቅንም ጠርተው እንጨቱን አስያዟት። የገዛ አያቷ የወተት ቅል በወይራ ያጥኑ እንደ ነበር ከእናቷ ሰምታ ነበር፤ ያን ዕለት በረኪናውን ስትሞላ ለምን ትዝ እንዳላላት አታውቅም። ኃይለልዑል ከእግር ጉዞው ሲመለስ አሮጊቷ ክንዳቸውን አጥፈው ጡንቻህን አሳይ ይሉታል። እሱም ያሳያል። ከአጥሩ ሥር ያለው ወዛም ጥቁር ቦታ፣ ዝናብ ስላልጣለ እንዳለ ነው። ሮማነወርቅ ወደዚያ ማየት ትታለች።

በሳምንቱ ሙልኪ ከገበያ የፍየል ወተት ገዝታ መጣች። ዲሉ ጭሱን ይዞ ወተት የማያፈስ እንደሆነ ሊፈተን ነው። አሮጊቷ ወተቱን ገለበጡበትና ከፍ አድርገው ያዙት። ከሥሩ አንድ ነጭ ጠብታ ወጣ፤ ቆየና ሌላ። ጠብታውን በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። ከዚያ ኩባያ ሞልተው የመጀመሪያውን ለሮማነወርቅ ዘረጉላት። አጣኟ እሷ ናትና።

ወተቱ አልፈላም። ሮማነወርቅ የታሸገ ወተት እንኳ ሁለቴ የምታፈላ ሴት ናት። ኩባያውን ወደ አፏ ስታስጠጋ የጭሱ ሽታ መጣ፣ ከጭሱ ሥር ደግሞ የራሷ የበረኪና ሽታ። የፍየሏ በሽታ፣ ትኩሳቱ፣ የወላጅ አልባዋ የልደት ለቅሶ፣ ድንኳኑ ሁሉ ባንድ ጊዜ ከፊቷ ተደቀነ። ሙልኪ በሩን ተደግፋ፣ እጇን አጣምራ ታያታለች።

ጠጣችው። ሳታርፍ፣ ታቹ ያለው እንጥፍጣፊ እስኪያልቅ ድረስ ጠጣችው።

ሙልኪ አጣምራው የነበረውን እጇን ፈታችና ባዶውን ኩባያ ተቀበለቻት።